ብር ቀቃዩ ማራኪ ገባ

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ የሕግና የማኅበራዊ ሳይንስ ሰፈር ነው፤ ኬሚስትሪው ያለው ቴዎድሮስ ግቢ። እናም ማራኪ መጥቶ ቡና የሚጠጣ ኬሚስት ጠበቃ ሳይዝ ችሎት እንደቆመ ተከሳሽ ነው።

«ብር ቀቅዬ መምጣቴ ነው» አለን።

«እኛ ጥሬውንም አላገኘነው!»

«የብር ናይትሬት ማለቴ ነው። በውሃ ይሟሟል፣ ይፈላል፣ ሲትሬት ጠብ ጠብ ይደረግበታል፤ በሰዓት ገደማ ብሩ ናኖ ቅንጣት ይሆናል። ሊ እና ማይዝል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጡት ዘዴ ነው። ቀላል ነው።»

«መልኩስ?»

«ወደ ብጫ ያደላል። ቅንጣቱ 420 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ሰማያዊ ብርሃን ይውጣል፤ የሚተርፈው ብጫው ነው።»

«ብር ብጫ አድርገህ በሕግ ተማሪ መሃል ታወራለህ? አንጥረኛ ብትሆን እኮ ታስረሃል!»

«በቧንቧ ውሃ ነው የምትቀቅለው?»

«ኧረ ወዲያ! የቧንቧው ክሎራይድ ብሩን ነጭ ዝቃጭ ያደርገዋል። የተጣራ ውሃ ነው።»

«ጎንደር ላይ የተጣራው ቀርቶ የመጣውም እልል ይባልለታል፤ አንተ ቀላል ትላለህ!»

ቡና የሚያፈሉት እትዬ ግን ወደ ቁም ነገሩ ገቡ። «ለመሆኑ የተቀቀለው ብር ምን ይሠራል፣ ልጄ?»

«በርበሬ ይመረምራል፣ እትዬ። ሱዳን 1 የሚባል ለሰምና ለጫማ ቀለም የሚውል ማቅለሚያ አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 አውሮፓ ከውጭ በገባ በርበሬ ውስጥ ተገኘ፤ በ2005 እንግሊዝ በመቶ የሚቆጠሩ ምግቦችን ከመደርደሪያ አወረደችበት። ማቅለሚያው ብሩ ላይ ሲለጠፍ ሌዘር እናበራበታለን። የሞለኪውሉን አሻራ ይዞ የሚመለሰው ብርሃን፣ የህንዱ ራማን እ.ኤ.አ. በ1928 ያገኘው፣ እጅግ ደካማ ነው፤ ብሩ ሚሊዮን ጊዜና ከዚያም በላይ ያጎላዋል።»

«ከቅዳሜ ገበያ የምገዛው ላይ የሸክላ ዱቄት ቢቀየጥበትስ?»

«ለሱ ጥርስዎ ይበቃል።»

እዚህ ላይ ረታን። «ቀላል» ያላትን ግን አንለቅለትም። በአንድ አሠራር ሰኞ የተቀቀለና ማክሰኞ የተቀቀለ ብር በመጠን አይገጥምም። የማጉላት ጉልበቱ ደግሞ ቅንጣቶቹ ሊነካኩ ሲደርሱ በመሃላቸው በምትቀረው ክፍተት ነው፤ ጥቂት ሲጠጋጉ ይጮኻሉ፣ አብዝተው ሲጓጉሉ ይዘቅጣሉ። ስለዚህ «አለበት» ማለት ይቀላል፤ «ስንት አለበት?» ሲባል ኬሚስቱም ጉሮሮውን ይጠርጋል።

«ማንበቢያ መሣሪያውስ በስንት ይገዛል?»

«እሱማ በዶላር ነው።»

«አየህ፣ መቀቀሉ በብር፣ ማንበቡ በዶላር!»

«ቀለም የሚቀላቅሉት ያዋጡ» አለ አንዱ።

እትዬ ስኒውን እየሰበሰቡ፦ «ሌባ ለዘበኛ ደመወዝ ሲያዋጣ የት አይተሃል?»