«ሳቋ ፎቶዬን አበላሸብኝ» ላልከው

«ልጅቷ ስለምትስቅ ፎቶው አልመጣልኝም» የምትል ካሜራ ያዥ፣ አርሲ ስትወጣ መልሱን ይዘህ ውጣ። ጌታው፣ ፎቶውስ መጥቷል፤ ያልመጣኸው አንተ ነህ!

«እኔ የምፈልገው እውነተኛውን ኑሮ ነው» ትላለህ። ይሁንልህ፣ በማለዳ ወደ አርሲዋ በቆጂ ውጣ። ሜዳው አፈር ነው፤ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል፤ ከልጆቹ አፍ እንፋሎት ይወጣል። ከፊት ያለችው ልጅ ሹራብ ደርባ፣ ጎኑ የተቀደደ ላስቲክ ጫማ አድርጋ ትሮጣለች። ዙሩን ስትጨርስ ወገቧን ይዛ ታጎነብሳለች፤ ቀና ስትል ዓይኗ ከጓደኛዋ ዓይን ይጋጠምና ሁለቱም በሳቅ ይፈርሳሉ። አንተስ? ተንበርክከህ የተቀደደውን ጫማ በቅርብ አንስተህ ትሄዳለህ። ጫማው እውነት ነው። እግሩስ ውሸት ነው?

ከዚሁ ቀዬ እኮ ነው ደራርቱ ቱሉ የወጣችው፤ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ 10 ሺህ ሜትሩን አሸንፋ ለኦሊምፒክ ወርቅ የበቃች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት። ፋጡማ ሮባ በ1988 አትላንታ ላይ የማራቶኑን ወርቅ ወሰደች። ጥሩነሽ ዲባባ በ2000 ቤጂንግ ላይ 5 ሺውንም 10 ሺውንም ጠቀለለችው። ልጅ ሳሉ ብታገኛቸው ምናቸውን ታነሳ ነበር? ጫማቸውን?

«ችግሩን ካላሳየሁ ማን ይደርስላቸዋል?» ለዚህም መልስ አለ። በ1977ቱ ረሃብ የሕፃኗ የብርሃን ወልዱ ፊት ዓለምን አስለቅሷል። ያን ቀን ያን ፊት መቅረጽ ተገቢ ነበር፤ አልከራከርህም። ብርሃን ግን አልሞተችም። አደገች፣ ግብርና ተማረች፣ በ1997 ዓ.ም. ለንደን ላይ በላይቭ ኤይት ኮንሰርት መድረክ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ቆመች። እስከ ዛሬ ስሟ ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣው ግን ያ የጣር ፊት ነው። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ኖሮ በከፋችው ደቂቃው ብቻ ሲታወቅ ግፍ ነው፣ ግፍ!

«አርሲ ውስጥ ጠለፋ አልነበረም ወይ?» ነበር እንጂ። በ1980ዎቹ መጨረሻ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ተጠልፋ፣ ለማምለጥ ስትል ጠላፊዋን ተኩሳ ገድላ ለፍርድ ቀረበች። እነ መዓዛ አሸናፊ የመሠረቱት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆመላት፣ ነጻ ወጣች። «ድፍረት» የተሰኘው ፊልም የሷው ታሪክ ነው። ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበትን አንቀጽም የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አስቀርቶታል። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለቅሶውን ብቻ ካየህ፣ መወልወል ያለበት ሌንስህ አይደለም፣ ዓይንህ ነው።

«ታዲያ ሁሉንም በሜዳሊያ አንሳ ነው የምትሉኝ?» ማን አለህ! እዚህ ላይ ወዳጆቻችንንም እንናገራቸው፤ በጎ ገጽታ ሲባል ወርቅና ባንዲራ ብቻ የሚታያቸው አሉ። «ታውን ኦፍ ራነርስ» የተባለውን ዘጋቢ ፊልም የምወደው ሁለት የበቆጂ ልጃገረዶችን ለዓመታት ተከትሎ ተስፋቸውንም መከፋታቸውንም ስላሳየ ነው። ከሯጭ ውጭስ? ከጭላሎ ግርጌ ገብስ እያጨደች ለጓደኛዋ ወሬ የምትጠርቅ አለች። ሒሳቡ አልወጣ ብሏት ሰሌዳው ፊት ከንፈሯን ነክሳ የቆመች አለች። «ተራው የኔ ነው» እያለች ከወንድሟ ጋር የምትከራከር አለች፤ ደግሞም ትረታዋለች! ልጅነት ይኼ ነው፣ አንሳው።

ከፎቶው ግርጌ ደግሞ «አንዲት የአርሲ ልጃገረድ» ብለህ እንዳትጽፍ። ምነው፣ ስም የላትም? የአባት ስም የላትም? ኦሮምኛ ካልቻልክ አስተርጓሚ ያዝ። እናቷን አስፈቅድ፤ ልጅቷም ስሟ እንዲወጣ ትፈልግ እንደሆነ ራሷን ጠይቃት። «አይሆንም» ካለች አይሆንም ነው፣ ልመና የለም። ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ በ2003 ዓ.ም. አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶ ፌስቲቫል የጀመረችው አፍሪካን አፍሪካውያን ራሳቸው ሲያዩአት ምን እንደምትመስል ለማሳየት ነው፤ ያነሳኻት ልጅም ራሷን ማየት አለባት። አሳጥበህ ውሰድላት።

«ሩቅ ነው» አልክ? የአርሲዋ አሰላ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ብትሆን ነው። ለማንሳት ስትመጣ አልራቀህም።