የጋራ ስፖኪዮ

ድሮ ፈረስ ሲሰረቅ አገር ይቀመጥ ነበር። አውጫጭኝ ይጠራና ባላገሩ ሁሉ እርፉን ጥሎ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ሌባው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። ያየ ሰው «ወፍ» ሆኖ፣ ስሙ ሳይነሣ፣ ሹክ ይላል። ወፍ ካልተገኘች አገሩ አዋጥቶ የፈረሱን ዋጋ ይከፍላል። ሌባ ሻይም ነበረ፤ መድኃኒት ያጠጡት ብላቴና እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ጌታ፣ ፈረስ ቀርቶ የሰው ዶሮ ነክቶ ባያውቅም፣ ሌባ ይባላል። ምን ዓይነት ኋላ ቀርነት ነው! ለአንድ ፈረስ ብሎ አገር ሙሉ ሥራ መፍታት!

እኛ ሠልጥነናል። አባ ዳኘው ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባችውን አውቶሞቢል ካዩ ወዲህ ፈረሱ ቀስ እያለ ቦታውን ለመኪና ለቀቀ። (እንደ ድሮው በፈረስ ስም፣ በመኪናው ስም የሚፎክር ግን እስካሁን አልገጠመኝም፤ «አባ ቪትዝ!» ብሎ ማቅራራት ሳይከብድ አልቀረም።) ሌባውም አብሮ ሠለጠነ። ፈረስ የሚሰረቀው ሙሉውን፣ ከነነፍሱ ነበር፤ ባለቤቱም ኡኡ ብሎ ይጮሃል፣ ዱካ ይከተላል። መኪና ግን ቸር ናት፤ ማታ ደጃፍ ቆማ ጠዋት ስፖኪዮዋን አስረክባ ትገኛለች። ባለቤቱም አይጮህም። ስልኩን ያወጣና ሶማሌ ተራ ለሚያውቀው ልጅ ይደውላል።

ይህን ሌብነት የሚሉ አሉ። ስም ማጥፋት ነው፤ ነገሩ ሽርክና ነው። አንዱ እንቅልፉን አጥቶ በካቻቢቴ ያወርዳል፤ አንዱ ያሻሽጣል፤ አንዱ ሱቁ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ባለመኪናው ካፒታሉን ያዋጣል። ከትርፉ የማይደርሰው እሱ ብቻ ነው፤ ዋናው ባለድርሻ ስለሆነ ይታገሣል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የጋራ ሀብትን በተመለከተ፣ ድርሻው ካልተለየ እኩል ነው ተብሎ ይገመታል፣ ሊከፋፈል የማይችል ነገር ደግሞ ተሸጦ ገንዘቡ ይካፈላል ይላል። ለፈረስ ልክ ነው፤ በጋራ የገዙት ሁለት ሰዎች ቢጣሉ አንዱ የፊቱን፣ አንዱ የኋላውን እየጎተተ አይሄድም። ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ግን የእኛን ሰፈር አላዩም። እዚህ የማይከፋፈል ነገር የለም። ግማሽ በግማሽ አዋጥተው ሚኒባስ የገዙ ሁለት ወዳጆች በገቢው ተጣልተው ልደታ ፍርድ ቤት ገቡ እንበል። መኪናዋ ላይ እግድ ይወጣና ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ አጥር ሥር ትቆማለች። ቀጠሮ በቀጠሮ ይተካል፤ አንዴ ጠበቃው አሞታል፣ አንዴ መዝገቡ አልቀረበም። በዚህ መሐል ሦስተኛው ባለድርሻ፣ ክስ ሳይመሠርት፣ ዳኝነት ሳይከፍል፣ ድርሻውን በየሌሊቱ ይረከባል፦ ዛሬ ስፖኪዮ፣ ነገ ባትሪ፣ ከነገ ወዲያ ጎማ። ፍርዱ ሲሰጥ ለሁለቱ የሚተርፈው ሻንሲው ነው። በቁራኛው ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ተቋጥሮ አብረው ስለሚውሉ፣ ሌላው ቢቀር ፈረሱን የሚጠብቅ አራት ዓይን ነበር።

አንዳንዴ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ላይ አውጫጭኝ ቢጠራ እላለሁ። የከተማው ባለመኪና ሁሉ አስፋልቱ ላይ ይቀመጥ፤ ሌባው እስኪወጣ ማንም ሞተር አያስነሣ። ችግሩ ወፏ ናት። እውነቱን ልናገር ካለች፣ ከሌባው በፊት የምትጠራው የከሳሹን ስም ነው። ሌሊት ሌሊት ያ ሁሉ ድካም ለማን ይመስላችኋል? ስፖኪዮ አይበላ፣ አይጠጣ፤ ገዥ ባይኖር ኖሮ ማን ዞር ብሎ ያየው ነበር?

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ፣ ዕቃው የወንጀል ፍሬ መሆኑን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው የገዛን ሰው ይቀጣል። ይህ እንግዲህ ስለ ሌሎች ሰዎች የተጻፈ ነው። የእኛ ሰው ባለዲግሪ ነው፤ ዕቁብና ዕድር ላይ የሚታመን፣ ልጆቹን «የሰው ዕቃ አትንኩ» እያለ የሚያሳድግ። ሶማሌ ተራ ቀረጥ ከፍሎ፣ ዕቃውን በወጉ አስመጥቶ የሚሸጥ ነጋዴም ሞልቷል። እሱ ዘንድ አይኬድም፤ በተለይ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያው ከተለቀቀ ወዲህ ያስወድዳል። የእኛ ሰው የሚሄደው ወደዚያኛው ነው።

«የስንት ሞዴል ናት ጋሼ? ግራ ነው ቀኝ?»

ዕቃው በጋዜጣ ተጠቅልሎ ከጓዳ ይመጣል። ከጀርባው፣ ታርጋ ቁጥር ተቀርጾበት የነበረው ቦታ ተፍቋል፤ አንዲት 7 ብቻ አምልጣ ቀርታለች።

«ኦሪጅናል ነው፤ ከመኪና ላይ የወረደ።»

ከማን መኪና ተብሎ አይጠየቅም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። የእኛ ሰው 7ቷን በአውራ ጣቱ ሸፍኖ፣ ዕቃውን ወደ ብርሃን አዙሮ፣ «ፍሬቻው ይሠራል?» ይላል። ይሠራል። ዋጋ ይከራከራል፣ ይምላል፣ ሄጃለሁ ብሎ ከበሩ ይመለሳል፣ ይስማማሉ። ገንዘቡን ቆጥሮ ከሰጠ በኋላ ሕጋዊነት ትዝ ይለዋል።

«ደረሰኝ አለህ?»

«ደረሰኝ ካሉ 15 በመቶ ቫት ይጨምራሉ ጋሼ።»

«15 በመቶ!» ይላል የእኛ ሰው፣ ስፖኪዮውን ብብቱ ሥር እየወሸቀ። «ይሄ አገር እኮ ሌባ ብቻ ሆነ!»