የጎልማሶች ቴኳንዶ በአዳማ፦ የወገብ ሕመም ማኅበራዊ ገጽታዎች

አዳማ የስብሰባ ከተማ መሆኗ ማስረጃ አያሻውም። ሆቴሎቿ ውስጥ ባነር የተሰቀለበት አዳራሽ፣ የታሸገ ውኃና አበሉን የሚጠባበቅ ተሰብሳቢ በየትኛውም ወቅት አይጠፉም። በዚህ ጥናት የሚታየው ስብሰባ ግን ለየት ይላል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ይጀመራል፣ ተሰብሳቢው ይረገጣል፣ ክፍያውንም የሚፈጽመው ተሰብሳቢው ራሱ ነው። አበል በሚከፈልበት ከተማ የሚኖር አዋቂ ሰው ለመረገጥ ወርኃዊ ክፍያ የሚከፍልበትን ምክንያት መመርመር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

መረጃው የተሰበሰበው ከልምምድ አዳራሹ ግድግዳ ሥር ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ በማየት ነው። አብሮ እየሠሩ ማጥናት የሚባለው ዘዴ ከአጥኚው ጉልበት ጋር ባለመስማማቱ ተትቷል።

በቅድሚያ ታሪኩን እናጥራ። ቴኳንዶ ወደ አገራችን እንዴት ገባ ሲባል «የቃኘው ዘማቾች ይዘውት መጡ» የሚል ሰው ከሻይ ቤት አይጠፋም። መላምቱ ያምራል፤ የሚያስቸግረው ዓመተ ምሕረቱ ነው። ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ የደረሰው በ1943 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቴኳንዶ የሚለው ስም የወጣው ግን ተኩሱ ቆሞ በ1947 ዓ.ም. ነው። ያም ሆኖ ዝምድናው ጨርሶ አልተቆረጠም። በኢንተርናሽናሉ ቤት «ዩልጎክ» የሚባለው ቅንብር 38 እንቅስቃሴ አለው፤ ቁጥሩም ቅንብሩ የተሰየመለት ሊቅ የተወለደበትን 38ኛውን ኬክሮስ ያመለክታል። አያቶቻችን በጠመንጃ የተፋለሙበትን መስመር የአዳማ የባንክ ሠራተኛ ዛሬ በባዶ እግሩ፣ ሲሚንቶ ላይ፣ ይመላለስበታል።

ኢንተርናሽናል ያልነው በ1958 ዓ.ም. የተመሠረተውን የቴኳንዶ ፌዴሬሽን ነው። ወርልድ የሚባለው ሁለተኛው ቤት በ1965 ዓ.ም. መጣ። የሁለቱን ልዩነት ለጀማሪ ማስረዳት ከአቦል እስከ በረካ ስለሚወስድ እዚህ አንገባበትም። 1965 በጥቅሉ ሥራ የበዛበት ዓመት ነበር፦ በግንቦት ወርልድ ተመሠረተ፣ በሐምሌ ብሩስ ሊ ሞተ፣ በነሐሴ የሟቹ ትልቁ ፊልም ለእይታ በቃ። የፊልሙ መዘዝ እኛ ዘንድ የደረሰው ዘግይቶ፣ በቪዲዮ ቤቶች ዘመን ነው። የዛሬው ጎልማሳ ሰልጣኝ ያኔ አግዳሚ ላይ ተጣቦ ቫንዳምን ያየ፣ ሲወጣም የመብራት ምሰሶ የረገጠ ልጅ ነው። ከዚያ ማትሪክ መጣ፤ ሥራ፣ ሠርግና የቤት ኪራይ ተከተሉ። በምሰሶውና በአዳራሹ መካከል ያለፉትን ዓመታት ጥናቱ «የተራዘመ እረፍት» ብሎ መዝግቧቸዋል።

እረፍቱ አሻራ አለው። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ሰለሞን ቱፋ ቶኪዮ ላይ በኦሎምፒክ ቴኳንዶ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ፤ ምድቡም ከ58 ኪሎ በታች ነበር። ጎልማሶቹ ስሙን በኩራት ያነሳሉ። እነሱ ዘንድ ይህ ክብደት ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በማትሪክ ፎቶ ላይ ነው።

ለምን መጣችሁ ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ሐኪም ስፖርት ሥራ ብሎኝ።» የሚጠቀሰው የአካል ክፍል ብዙ ጊዜ ወገብ ነው፤ አልፎ አልፎ ስኳርና ቦርጭ ይጨመሩበታል። ይህ ማብራሪያ ሁለት ጉድለት አለበት። አንደኛ፣ ወገቡን የታመመ የአዳማ ሰው ሶደሬ ወርዶ ፍል ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ ይችላል፤ ቅርብ ነው፣ የሚረግጥም የለበትም። ሁለተኛ፣ ወገቡ የተሻለው ሰው መቅረት ነበረበት፤ አይቀርም። እንዲያውም ሲሻለው ቀድሞ መምጣት ይጀምራል። «ሰው ናፈቀኝ» ብሎ የተመዘገበ አንድም ጎልማሳ አልተገኘም፤ «ወገቤን» ብሎ የተመዘገበው ግን አዳራሹን ሞልቶታል።

አሰልጣኙ ሃያዎቹ ውስጥ ያለ ወጣት ነው። ከፊቱ የሚሰለፉት የባጃጅ ሾፌር፣ የሁለተኛ ደረጃ መምህር፣ ከጅቡቲ መስመር ሲመለስ ብቻ የሚታይ የከባድ መኪና ሹፌር፣ የባንክ ሠራተኛ፣ እንዲሁም ልጇን ልታስመዘግብ መጥታ የቀረች እናት ናቸው። አብዛኞቹ በዕድሜ ይበልጡታል። «ጋሼ፣ እባክዎ ጉልበትዎን ትንሽ ከፍ ያድርጉ» ብሎ መጮህ ያስቸግራል፤ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ እግሩ ይወርዳል። ችግሩን የፈታው ኮሪያኛ ነው። «ቻርዮት!» ሲባል አንተ የሚባለውም አንቱ የሚባለውም እኩል ይገተራል። ማብራሪያው በኦሮምኛና በአማርኛ እየተቀያየረ ይሰጣል፤ ሕመሙን ግን ሁሉም በእናቱ ቋንቋ ይገልጸዋል።

ስለ እናትየዋ ጥቂት እንበል፤ ጉዳዩ ይገባዋል። ልጇ ሲሠለጥን አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ስልኳን ስትነካካ ከርማ፣ አንድ ቀን ጫማዋን አወለቀች። ልጁ ብዙም ሳይቆይ ተወው። እናት ቢጫ ቀበቶ ታጥቃለች። እሷም እንደ ሌሎቹ ሁሉ የተቸገረችው እርግጫው ላይ አልነበረም፤ ጩኸቱ ላይ ነበር። ሰልጣኙ በምት መጨረሻ ላይ ከሆዱ አውጥቶ መጮህ አለበት። ሕፃናት ይህን ያለ ትምህርት ይችሉታል። አዋቂው ግን ቤት ሲጮህ ጎረቤት ይሰማል፣ ቢሮ ሲጮህ ደብዳቤ ይጻፍበታል፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እንደ ጉሮሮ መጥረግ ያለ ድምፅ ያወጣል። አጥኚው እስከሚያውቀው ድረስ፣ ያለ ጠብ፣ ያለ ኳስና ያለ ለቅሶ አንድ አዋቂ ጮሆ «ጎበዝ!» የሚባልበት ቦታ በከተማዋ ይህ ብቻ ነው። እናትየዋ ጩኸቷ የወጣላት ቀን ውጭ የቆመ ባጃጅ ሞተሩን አጥፍቶ አዳምጧል።

ጀማሪ ቀድሞ የሚማረው ቅንብር «ቾንጂ» ነው፤ ትርጓሜው ሰማይና ምድር፣ እንቅስቃሴው 19። ሁሉም ወደ ግራ ሲዞር አንድ ሰው ወደ ቀኝ ይዞራል፤ ከጎረቤቱም ጋር ፊት ለፊት፣ ቡጢ ለቡጢ ይገጣጠማል። የአዳራሹ ትውውቅ በአብዛኛው የተጀመረው በእንዲህ ዓይነቱ ስህተት ነው። የባጃጅ ሾፌሩና የባንክ ሠራተኛው ግን ቀድሞ ይተዋወቃሉ፦ ሾፌሩ ብድር ጠይቆ፣ ባንከኛው ሰነድ አልተሟላም ብሎት ነበር። ቅዳሜ ስፓሪንግ ላይ ተጣመሩ። ደንቡ ንክኪው ቀላል ይሁን ይላል። በዕለቱ የደንቡ አፈጻጸም ክፍተት ታይቶበታል። ሲጨርሱ እጅ ነስተው ተጨባበጡ፤ በሳምንቱ ባንከኛው የጎደለውን ሰነድ በወረቀት ጽፎ አመጣለት። ብድሩ ተፈቅዶ እንደሆነ ጥናቱ በተዘጋበት ቀን አልታወቀም ነበር።

አዳራሹ እድር መሆኑ ግልጽ ሆኖ የወጣው የመምህሩ እናት ሲያርፉ ነው። ሰልጣኞቹ ድንኳን ተከሉ፣ ወንበር ተሸከሙ፤ የወገብ ሕመም ማንም አላነሳም። እንከን የተፈጠረው አቀማመጥ ላይ ነበር። የሰፈሩ ሽማግሌዎች አሰልጣኙን በዕድሜው ቆጥረው ከዳር፣ ከወጣቶቹ ጋር፣ አስቀመጡት። ሰልጣኞቹ ግን እሱ ሳይቀመጥ አንቀመጥም ብለው ቆመው ስለነበር እሱን ተከትለው ዳር ላይ ሰፈሩ። ወጣቶቹ ለታላላቆቻቸው ቦታ ለመልቀቅ ተነሡ፤ አሰልጣኙም ወጣት ነውና አብሯቸው ተነሣ። ሰልጣኞቹ እንደገና ቆሙ። ንፍሮ አዳዩ ልጅ ሳህኑን እንደያዘ መሐል ላይ ቀረ። ሽማግሌዎቹ ይህ የምን ሃይማኖት ነው ብለው በዝግታ ጠየቁ።

ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ መቂ ወይም ባቱ ላይ አቀማመጡ እንዴት እንደሚፈታ ሌላ ጥናት ይሻል። ከልምምድ በኋላ የሚጠጣውን ቡና ማን ይክፈል የሚለውም እንደዚሁ፤ በቀበቶ ቢሄድ ጥቁሩ፣ በዕድሜ ቢሄድ ታላቁ መክፈል ነበረበት። ጥቁር ቀበቶው ገና ተማሪ ነው። እስካሁን በታየው ሒሳቡን የሚዘጋው ደመወዝ ያለው ነጭ ቀበቶ ነው፤ ከመክፈሉ በፊትም ተነሥቶ እጅ ይነሣል።