የእግዜር እንግዳ፣ ሄልሜት የደፋ

ጓደኛሞች ተሰባስበው «ረጅም መንገድ በሳይክል እንውጣ» ሲባባሉ፣ የሚዘጋጁት ሰው ለማይኖርበት አገር ነው። ከአዲስ አበባ በፍቼ፣ በደጀንና በደብረ ማርቆስ አድርጎ ባሕር ዳር ለመድረስ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይኬዳል። በዚህ ሁሉ መንገድ ቤት ወይም እረኛ የማይታይበት ቦታ ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። እኛ ግን ድንኳን ጫንን። ውሃ ማጣሪያ ጫንን። ከውጭ የመጣ፣ «ኃይል ይሰጣል» የተባለለት፣ ሲታኘክ ካርቶን ካርቶን የሚል ብስኩት ጫንን። አንዱማ በረሃ ላይ ብጠፋ ብሎ ፊሽካ ገዝቷል። የጎጃም ገበሬ እንኳን የጠፋውን፣ ያልጠፋውንም ሰው «ከየት ነህ? ወዴት ነህ? የማን ልጅ ነህ?» ሳይል እንደማያሳልፈው የነገረው የለም።

ሹመትም ተከፋፈልን። መሪው ላይ የስልክ ማንጠልጠያ ያሰረው ራሱን አለቃ አደረገ፤ ካርታው እሱ ጋ ነዋ። ሌላው ሂሳብ ሹም ሆነ። ማን ስንት ሻይ ጠጣ፣ ማን ዳቦ ደገመ፣ ሁሉም ስልኩ ላይ ይመዘገባል፤ መጨረሻ ላይ እንተሳሰባለን። አንድ ሰፈር ያደጉ፣ እርስ በርስ ሚዜ የሆኑ ሰዎች ሱሉልታ ላይ በተበላ እንቁላል ሲካሰሱ የሰማ፣ ወዳጅነት ምን ያህል ወጪ እንዳለበት ይረዳል።

መንገዱ በሰላም ይኬድበት በነበረ ጊዜ ነው የማወራው። የመንገድ ዳር ልጆች እንዳዩን «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» ይላሉ፤ አስከትለው «ሃይላንድ!»፣ ባዶውን የውሃ ፕላስቲክ ወርውሩልን ነው። መርካቶ ተወልዶ ያደገው ወዳጃችን፣ በዚያ ጠባብ ሱሪውና ግማሽ ፊቱን በዋጠው መነጽር «እኔ እኮ የዚሁ አገር ልጅ ነኝ!» ብሎ ጮኸ። ልጁ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ፣ «ኑ! ኑ! አማርኛ የሚችል ፈረንጅ!»

በዚህ መስመር ድንጋይ ተወረወረብን የሚሉ የውጭ ሳይክለኞች ጥቂት አይደሉም፤ እውነታቸውን ነው። እኛም ላይ ጠጠር ቢጤ መጥታለች። ጠጠሯ ማንንም አላገኘችም፤ ያገኘን ወርዋሪውን በጆሮው ይዘው የመጡት ሽማግሌ ናቸው። ልጁን ይቅርታ አስባሉት። ይቅር አልን። አይበቃም፤ ዕርቅ ሳይቀመስ አይጸናም ተባለና ከጠዋቱ በአራት ሰዓት ጠላ ተቀዳልን። የጣሳው ልክ ደግሞ የጥፋቱን ልክ አያውቅም። ከዚያ በኋላ ያለውን ዳገት ማን እንደገፋው እግዜር ይወቅ።

አዋቂዎቹ አንጀታቸው የማይችለው ሌላ ነገር ነው፤ ጎልማሳ ሰው ወዶ ይህን ሁሉ ይለፋል ብሎ ማመን። ቡና እያፈላች ያስቆመችን እናት፣ ላባችንን አይታ፣

«ምነው ልጆቼ፣ መኪና ጠፋ?»

«አይ እናቴ፣ ለጤና ነው» አላት አለቃችን።

«ውይ በሞትኩት! አመማችሁ እንዴ?»

ማስረዳት ተጀመረ፤ ስፖርቱ፣ ደሙ፣ ልቡ፣ ኮሌስትሮሉ። እሷ አንገቷን እየነቀነቀች ሰማች፤ ሲጨርስ የቆሎውን ሳፋ ወደኛ ገፋ አድርጋ «ስለት ከሆነም እኮ አያሳፍርም» አለችው።

እንግዳ ሰው ከሚያደርግልን ደግነት ሁሉ ግን እኔን የሚገርመኝ ስለ ርቀት የሚዋሸው ነው። አገራችን ላይ ለደከመው ሰው ኪሎ ሜትር አይነገርም። «ፍቼ ይርቃል?» ስንል «ኧረ ደርሳችኋል!»፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሌላውን ስንጠይቅ «ይቺን ከዞራችሁ አለቀ!»፤ ይቺን ዞረን ሌላ ይቺ እናገኛለን። አለቃችን ስልኩን እያየ «ገና አሥራ አራት ይቀራል» ሲል ሁላችንም ጠላነው። ትክክለኛው እሱ ነበር። ያስኬደን ግን ውሸታሙ ነው።

የአባይ በረሃ እንዲህ ነው፤ ከጎሐ ጽዮን ተነስቶ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ድልድዩን ይሻገራል፤ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ይወጣል፤ ድምር ወደ 40 ኪሎ ሜትር። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ከካይሮ እስከ ኬፕታውን 12,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጋልበው ቱር ዳፍሪክ የሚባለው የሳይክል ጉዞም በዚሁ ያልፍ ነበር። ቁልቁለቱን ጣታችን እስኪደነዝዝ ፍሬን ይዘን ወረድን። ድልድዩ ላይ ዘቡ «ፎቶ ክልክል ነው!» ብሎ ጮኸብን፤ ያው ጩኸቱ ሳያባራ ጀሪካኑን አንስቶ «ውሃ ሙሉ» አለን። ሕግና ርኅራኄ ከአንድ አፍ በአንድ ትንፋሽ ሲወጡ ያየሁት ያኔ ነው።

ዳገቱ ከድልድዩ ማዶ እንደተጀመረ አንድ አይሱዙ ፍጥነቱን ቀነሰ። ረዳቱ ብቅ ብሎ፣ «ጫኗቸውና ውጡ!»

እዚያች ፀሐይ ላይ ስብሰባ ተቀመጥን። በመኪና የተወጣ ዳገት ሳይክል ነድተን ወጣን ያስብላል ወይ? ባሕር ዳር ስንገባ ምን ልንል ነው? ሂሳብ ሹማችን ለነዳጅ መዋጮ ስንት እንደሚደርሰን ያሰላል። ባለ ፊሽካው ክብራችን አይሸጥም አለ። ሾፌሩ ሞተር ሳያጠፋ፣ ክርኑን መስኮቱ ላይ አድርጎ፣ የማያውቃቸው ሰዎች ስለ ክብር ሲከራከሩ በትዕግሥት አዳመጠ። በመጨረሻ «እናንተ ተነጋገሩ፤ እኔ ሳይክሎቹን ልውሰዳቸው?» አለ። ወጣን፤ ከሽንኩርት ጆንያ ላይ ተደላድለን። ገንዘብ ብናወጣ «ተዉ እንጂ! ቀልዳችሁ ነው?» ብሎ ተቆጣ፤ ረዳቱ ጭራሽ ሙዝ ጨመረልን። አለቃችን ግን ስልኩ ላይ መዝጋቢውን ማጥፋት ረስቶ ኖሮ፣ ደጀን ስንወርድ በአባይ ዳገት ላይ አዲስ የግል ክብረ ወሰን ስላስመዘገበ እንኳን ደስ ያለህ የሚል መልእክት ጠበቀው። እስካሁን አላጠፋውም።

ከደብረ ማርቆስ አልፈን ድንኳን መትከል ያማረን ዕለት፣ ሜዳ መርጠን ብረቱን ስንገጣጥም የመሬቱ ባለቤት መጡ። የሚያባርሩን መስሎን መታወቂያ አወጣን። አባባ መታወቂያውን አላዩትም፤ ድንኳኑን ነው የዞሩት። «ቤት እያለ?» አሉ፤ የእውነት ተቀይመዋል።

ፈረንጆቹ ሳይክለኛን የሚያሳድር ሰው የሚፈላለጉበት ዋርም ሻወርስ የሚባል ማኅበር ካቋቋሙ ቆይተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ትመዘገባለህ፣ ትጽፋለህ፣ መልስ ትጠብቃለህ። እኛ ዘንድ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ማለት ይበቃ ነበር፤ እኛ እሱንም አላልን። አፋችን የለመደው «አልጋ ስንት ነው?» ማለት ነው።

እማማ በገንዳ ለብ ያለ ውሃ አመጡና እግራችንን ካላጠብኩ አሉ። እግራቸው ሥር የተደረደረው የእኛ ጫማ ከሥሩ ብረት አለው፤ ፔዳል ላይ ቀጭ ብሎ እንዲገጥም ነው። እማማ አንዱን አንስተው ገልብጠው አዩት፤ «ለበቅሎ ነበር እንጂ» ብለው መልሰው አስቀመጡት። ማዕዱ ቀረበ። አባባ በጨዋታ መሐል «ድሮ ሳይክል ማለት ገረመው ደንቦባ ነበር» አሉ፤ ገረመው እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ኦሎምፒክ ላይ ለኢትዮጵያ የጋለበው ነው። አለቃችን ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ መሆኑን ሲነግራቸው ደስ አላቸው። እማማ ግን ሌላ ሐሳብ ገብቷቸዋል። «ያም ልጅ በየመንገዱ ሲያድር እናቱ ታውቃለች?»

ሂሳብ ሹማችን እየጎረሰ ስልኩን ይነካካል። ጉርሻ በየትኛው ዓምድ ይግባ? በሞቴ ተብሎ የተጨመረው እንጀራ የማን ነው? ጠዋት ብር ጠቅልሎ ለእማማ ሲያቀብል ፊታቸው ጠቆረ፤ «እኔ ቡና ቤት ከፈትኩ አልኳችሁ?» ብሩን መለሱና ለመንገድ ብለው በሶ በፌስታል አሠሩለት። በሶውን በአራት ሲመዝን ደምበጫ ደረስን።

ባሕር ዳር ጣና ዳር ዓሣ ጉላሹን ጨርሰን የመተሳሰቢያው ሰዓት ደረሰ። ሰንጠረዡ ተገለጠ። ጠላ ዜሮ፣ አይሱዙ ዜሮ፣ አዳር ዜሮ፣ በሶ ዜሮ፤ እነሱ ላይ ክርክር የለም። ክርክሩ የተነሳው ፍቼ ላይ ታዝዞ ባልተጠጣ አንድ ማኪያቶ ነው፤ ያዘዘው ይክፈል ወይስ ያስነሳው? ድምፅ ከፍ አለ። የድሮ ሚዜነት ሁሉ ተነሳ። የዓሣውን ሂሳብ አስተናጋጇን ስንጠይቃት ተከፍሏል አለችን፤ ከጎናችን ተቀምጦ የነበረ የማናውቀው ሰውዬ፣ «ልጆቹ ብር ያጠራቸው ይመስላል» ብሎ ዘግቶልን ወጥቷል።

ሁላችንም ዝም አልን። ሂሳብ ሹማችን ብቻ ትንሽ አሰበና ስልኩን አነሳ።

«ይሄ በእኩል ነው የሚካፈለው፣ ወይስ እያንዳንዱ በበላው ልክ?»