አዲሱን ያስንቃል

በዚህ አገር የተበላሸ ዕቃ ይዞ ባለእጅ ዘንድ የሄደ ሰው «ይሠራል ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ «አዎ፣ ይሠራል» የሚል ደረቅ መልስ አያገኝም። መልሱ «አዲሱን ያስንቃል» ነው። ጫማዬ አዲሱን ያስንቃል ተብሎልኛል። ለጥገናው የከፈልኩት ገንዘብ አዲስ መግዣዬ ስለነበረ እስካሁን አዲስ ጫማ ንቄ እኖራለሁ። የአክስቴ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሳይቀር አዲሱን ያስንቃል ተብሎላታል። የተናቀው አዲስ ጥርስ የማን እንደሆነ ግን አልነገሯትም።

ባለፈው ጥር በጅማ መንገድ ስመለስ ተፍኪ ላይ ጎማዬ ተነፈሰ። ጎሚስታው ደጃፍ ተቀምጬ እሸት ሽምብራ እየፈለፈልኩ ስጠብቅ፣ ከጎን ካለው የአናጺ ቤት ፊት አንድ ቅጥቅጥ ቆሞ አየሁ። ወንበሮቹ ተነቅለው አልጋ፣ ቡታጋዝና ጠረጴዛ ገብቶበታል። አሜሪካ የሚኖር ሰው ነው አሉ ያሠራው፤ ሲመጣ ከነቤተሰቡ እያደረ አገር ሊያይበት። ክረምቱን ጣሪያው ሲያፈስ ከርሞ ጠረጴዛው አብጧል። ዳር ዳሩ እርሾ እንደበዛበት ሊጥ ተነፍቷል፤ ፎርማይካው ማዕዘኑ ላይ ተላጦ እንደ ውሻ ጆሮ ተንጠልጥሏል፤ መሐሉ ላይ ደግሞ የጀበና ቂጥ የሚያህል ጥቁር ክብ ተቃጥሎበታል። ጫላ የሚባለው ወጣት አናጺ ጠረጴዛውን ትክ ብሎ ያያል። አጠገቡ በጅማ መስመር የአውቶቡስ ረዳት ሆነው ጡረታ የወጡት ጋሽ ታደሰ ቆመዋል። ጋሽ ታደሰ የማያውቁት ነገር ካለ ገና አልተፈጠረም።

ጫላ፦ ጋሼ፣ ይሄ ጠረጴዛ በየት ነው የሚወጣው?

ጋሽ ታደሰ፦ መውጣቱን ተወውና በሽታውን እንወቅ። ሐኪም በሽተኛ ሲመጣለት «በየት ነው የምትወጣው?» ብሎ ይጀምራል? ምንድን ነው ይሄ?

ጫላ፦ ችፑድ ነው። ውኃ ጠጥቷል።

ጋሽ ታደሰ፦ ጠጥቷል! ችፑድ ማለት የመጋዝ ፍርፋሪ በኮላ ተለውሶ፣ በመጭመቂያ ተጨፍልቆ «ከዛሬ ጀምሮ እንጨት ነህ» የተባለ ነገር ነው። ውኃ ሲነካው ፍርፋሪነቱ ትዝ ይለዋል። ከዚያ በኋላ ፀሐይ ብታሰጣው፣ ብትለምነው፣ ወደ ቁመናው አይመለስም። ከወረዳ ወደ ዞን እንደተሾመ ሰው፣ አንዴ ካበጠ አበጠ ነው።

ጫላ፦ እንግዲያው ይቀየራላ።

ጋሽ ታደሰ፦ ቸኮልክ! የአሁን ልጆች መቀየር ትወዳላችሁ። ፎርማይካውን ታውቀዋለህ? በፈረንጅ 1912 ሁለት አሜሪካውያን ሲፈጥሩት ለጠረጴዛ አስበውት አይደለም። ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ በማይካ ፈንታ ሊያስገቡት ነበር። ስሙ ራሱ «በማይካ ፈንታ» ማለት ነው። አየህ፣ ሲወለድም ምትክ ነው። ምትክን በምትክ ብንጠግነው የማን መብት ነው የሚነካው?

ጫላ፦ እኔ በየት ይውጣ ነው ያልኩት።

ጋሽ ታደሰ፦ ካውያ አላችሁ ቤት?

ጫላ፦ የእናቴ አለ።

ጋሽ ታደሰ፦ የተነሳው ፎርማይካ ላይ ደረቅ ጨርቅ አንጥፍና ሞቅ ያለ ካውያ አሳርፍበት። ብዙ እንዳታግል፣ ሞቅ ብቻ። ሥሩ ያለው ማስቲሽ ሲሞቅ ይለሰልሳል። ያኔ በእንጨት ጫን፣ ጫን አድርገህ እስኪቀዘቅዝ ድንጋይ ትጭንበታለህ። ከመሐል ወደ ዳር ነው የምትጫነው፤ ከዳር ከጀመርክ አየሩ መሐል ተሰብስቦ ስብሰባ ይቀመጣል።

ጫላ፦ እሱስ እሺ። ሥሩ ያለው ችፑድ ግን አብጧል፤ ካውያው ምን ያደርገዋል?

ጋሽ ታደሰ፦ እሱንም መተኮስ ነዋ!

ጫላ፦ ይሄ የተቃጠለውስ?

ጋሽ ታደሰ፦ እሱን እንዳትነካ። ቀለሙ ያለው ላዩ ላይ ባለች አንዲት ስስ ወረቀት ነው። በብርጭቆ ወረቀት ፋቅ ፋቅ ካደረግኸው ከሥር ቡናማው ወረቀት ብቅ ይልና ሌላ ቁስል ትጨምርበታለህ። ዘዴው ምን መሰለህ፣ ጀበናውን አግለህ ሁለት ክብ ጨምርበት። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ሰውየው ሲመጣ «ባህላዊ ዲዛይን ነው» እንለዋለን። ተጨማሪ ዋጋም ይጠየቅበታል።

(እዚህ ላይ ሽምብራው ትን ሊለኝ ነበር። ለአንድ አፍታ ግን እውነት አላቸው እንዴ ብዬ አሰብኩ።)

ጫላ፦ ጋሼ…

ጋሽ ታደሰ፦ ቆይ፣ ዋናውን ነገር ዘለልነው። ይሄ ጠረጴዛ የቤት ዕቃ ነው የመኪና ዕቃ? የመኪና ከሆነ መለዋወጫው ሶማሌ ተራ ነው። የቤት ከሆነ የአናጺ ሥራ ነው። አናጺ የመኪና ዕቃ ከነካ ደግሞ ነገ አንድ ነገር ቢሆን ተጠያቂው ማነው? አንተ ነህ! ለመሆኑ መኪናው ራሱ ምንድን ነው? ቤት ነው ካልን ካርታ ያውጣ፣ የቤት ቁጥር ይለጠፍበት፣ ግብር ይክፈል። መኪና ነው ካልን ኮድ 2 ነው ኮድ 3? ቦሎ ሊያወጣ ሲሄድ መርማሪው ፍሬኑን ያያል ወይስ ቡታጋዙን? ዕድርስ? ሰውየው ሰበታ ዕድር ገብቶ፣ አያድርገውና፣ ወሊሶ ላይ እንደቆመ ቢሞት ድንኳኑን የሚተክለው የሰበታ ዕድር ነው የወሊሶ? ሰበታው «ሄዷል» ይላል፣ ወሊሶው «አልደረሰም» ይላል። አስከሬኑ ቱሉ ቦሎ ላይ ደብዳቤ ይጠብቃል።

ጫላ፦ አያድርገው።

ጋሽ ታደሰ፦ ፈረንጅ ደግሞ ይሄን ተንቀሳቃሽ ቤት እኔ ፈጠርኩት ይላል! ፋሲለደስ በእነሱ አቆጣጠር 1636 ጎንደርን እስኪቆረቁሩ ድረስ ነገሥታቱ ድንኳን ተክለው ድንኳን ነቅለው አልነበር የሚኖሩት? ቤተ መንግሥቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ገበያው፣ ወጥ ቤቱ አንድ ላይ ይነሳል። ያ ሞተር ሆም ካልሆነ ምንድን ነው? ሞተሩ በቅሎ ነበር እንጂ።

ጫላ፦ ጠረጴዛ ነበራቸው?

ጋሽ ታደሰ፦ መሶብ! መሶብ ፎርማይካው አይላጥ፣ ችፑዱ አያብጥ። ሲያረጅ ሌላ ይሰፋል።

ጫላ፦ ታዲያ መሶብ እናድርግለት።

ጋሽ ታደሰ፦ ላፕቶፑን የት ሊያስቀምጥ? አንተ ልጅ፣ ሥራህን ከምር ውሰድ እንጂ። ያን ሜዳ ታያለህ? በቾን? ክረምት አዋሽ ሞልቶ ሲተኛበት ባሕር ነው። ውኃው ሲሸሽ መረሬው እርጥበቱን ይዞ ይቀራል፣ ገበሬው ሽምብራውንና ጓያውን ይዘራበታል። በካውያ ላድርቀው ያለ ገበሬ አይተህ ታውቃለህ? ይጠብቃል እንጂ! አንተም ጠብቅ።

ጫላ፦ ካውያውን እርስዎ ነዎት ያሉት።

ጋሽ ታደሰ፦ ያ ቅድም ነው።

ጫላ ሜትሩን ከኪሱ አወጣ። በሩን ለካ፤ ጎንበስ ብሎ ጠረጴዛውን ለካ፤ ደገመው። ቀና ሲል ጉልበቱ ላይ የመጋዝ ብናኝ ተለጥፎበት ነበር፤ በእጁ አራገፈው።

ጫላ፦ በሩ 62 ሳንቲም ነው። ጠረጴዛው ከሥሩ ካለው ሣጥን ጋር አብሮ የታሰረ ነው፤ ሣጥኑ በየትም በኩል ብለካው ከ70 አያንስም። ብሎኖቹ ያሉት ከሥር ነው፤ ሣጥኑ ካልወጣ አይፈቱም። በመስኮት አይሆንም። ሲሠሩት አስበውታል ግን?

ጋሽ ታደሰ፦ እንዴት እንደገባ ታውቃለህ?

ጫላ፦ አላውቅም።

ጋሽ ታደሰ፦ ያስገባሁት እኔ ነኝ። የኋላው ላሜራ ሳይበየድ በፊት በኋላ በኩል ከሁለት ልጆች ጋር ተሸክመን አስገባነው። ከዚያ በየዱት። እንዲያውም ያኔ ለባለቤቱ በስልክ «ይሄ ሥራ አዲሱን ያስንቃል» ብየዋለሁ።

ጫላ፦ እሺ፣ አሁን በየት ይውጣ?

ጋሽ ታደሰ፦ ጠረጴዛውን እዚያው ተወው። መኪናውን አውጣለት።