የጠፋ ጫፍ አዋጅ

ስማ ስማ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

የ10ኛ ክፍል ሒሳብ በኮኦርድኔት ጂኦሜትሪ ምዕራፉ የመስመሩን አንድ ጫፍና አጋማሹን ሰጥቶ ሌላውን ጫፍ አምጡ የሚል በመሆኑ፤ አንድ የሀብሩ ወረዳ ተማሪ ጫፉ (−3፣ 4)፣ አጋማሹ (1፣ 2) ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ከጫፉ እስከ አጋማሹ አራት ወደ ቀኝ፣ ሁለት ወደ ታች መሆኑን አይቶ፣ ያንኑ ያህል ደግሞ በመራመድ (5፣ 0) ብሎ በትክክል በመመለሱ፤ ለዚህም ከሦስት ማርክ ዜሮ በማግኘቱ፤ ፎርሙላውን ጽፎ ድምሩን የሳተው የወንበር ጓደኛው ግን ሁለት በማግኘቱ፤ ዜሮ ያገኘውም ልጅ ጎልምሶ የዚህ አዋጅ አርቃቂ ለመሆን በመብቃቱ፣ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፤ አጭር ርዕስ። ይህ አዋጅ “የጠፋ ጫፍ አዋጅ” ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2፤ ትርጓሜ። “አጋማሽ” ማለት የሁለቱ ጫፎች ኤክስ ተደምሮ ለሁለት ሲካፈል፣ ዋዩም እንዲሁ ሲደረግ የሚገኝ ነጥብ ነው። “የጠፋ ጫፍ” ማለት ከአጋማሹ እጥፍ ላይ የታወቀው ጫፍ ሲቀነስ የሚገኘው ነው። ጠፋ የሚባለውም ለተማሪው ብቻ ነው፤ መምህሩ ጋ አለ።

አንቀጽ 3፤ የተፈጻሚነት ወሰን። ከወልድያ እስከ መርሳ። ሌላው በፈቃዱ።

አንቀጽ 4፤ ፎርሙላ ስለማሳየት። ማንኛውም ሰው የጠፋ ጫፍ ሲያገኝ ፎርሙላውን ጽፎ፣ ቁጥሩን ተክቶ፣ ደረጃ በደረጃ ሠርቶ ያሳያል። ያላሳየ ሰው ያገኘው እንዳላገኘ ይቆጠራል።

ከዚህ ግዴታ ነጻ የሚሆኑ አሉ። (ሀ) ከወልድያ ወደ ደቡብ የሚነዳና “መርሳ ግማሽ ናት” የሚል ሹፌር ነጻ ነው። ወልድያ በ11 ዲግሪ ከ50 ደቂቃ፣ መርሳ በ11 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ሰሜን ኬክሮስ አካባቢ ስለሆኑ፣ የጠፋው ጫፍ በ11 ዲግሪ ከ30 ላይ፣ ከውጫሌ ትይዩ ያርፋል። ሹፌሩ ይህን ሳይጽፍ ውጫሌ ቢደርስ አይቀጣም። ውጫሌ ላይ ግን አንቀጽ እንዳያነሳ ይመከራል፤ በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. እዚያ በተፈረመ ውል አንዲት አንቀጽ የተነሳ አገሩ ዓድዋ ድረስ ዘምቷል።

(ለ) ከግድግዳ እስከ መሐል ምሰሶ በገመድ ለክቶ፣ ያንኑ ገመድ ወደ ማዶ ዘርግቶ ሌላውን ግድግዳ የሚያቆም አናጢም ነጻ ነው። (ሐ) የአናጢው ልጅ ግን፣ አባቱ በገመድ የሠራውን በእርሳስ ቢሠራ፣ ነጻ አይደለም። (መ) ለምን እንዳልሆነ አይነገረውም፤ ከጠየቀ “እንደተማርከው ሥራ” ይባላል። (ሠ) ትምህርቱ ሊሰጥ በነበረበት ቀን መምህሩ ቀርተው ከነበረም ንዑስ አንቀጽ (መ) እንደጸና ይቆያል።

(ረ) ትልልቅ ፕሮጀክቶች ሙሉ በሙሉ ነጻ ናቸው። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ከወልድያ አጠገብ ሐራ ገበያ ይደርሳል የተባለው የባቡር መስመር ርዝመቱ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ግንባታው በ2007 ዓ.ም. በቱርኩ ኩባንያ ያፒ መርከዚ ተጀምሯል። ኮምቦልቻን አጋማሽ አድርጎ ያሰላ ተማሪ ዜሮ ያገኛል፤ 270ው ኪሎ ሜትር ከወዲያ፣ 120ው ከወዲህ ነውና። መነሻው ይታወቃል፣ መድረሻው በካርታ ላይ ታትሟል፤ ሐራ ገበያ ግን ዛሬም ትኬት ተቆርጦ የሚሳፈሩበት ባቡር የለም። እና ደረጃውን አሳዩ የሚላቸው ማነው? እንዴ! ልጁ እኮ ጫፉን አግኝቶታል! አግኝቶ ዜሮ፣ ሳያገኙ ሪባን መቁረጥ? ይህ ምን ዓይነት እርማት ነው?

አርቃቂው ወደ ክብሩ ተመልሶ ይቀጥላል።

(ሰ) የ12ኛ ክፍል ፈተና ነጻ ነው፤ እዚያ ደረጃ የሚያይ የለም። በ10ኛ ክፍል “ፎርሙላው የታለ” እየተባለ የተቀጣ ልጅ፣ ዕጣው በሚወሰንበት ቀን የሚጠየቀው አንዲት ፊደል እንዲመርጥ ብቻ ነው። የሰሜኑ ጦርነት በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ወልድያ ገብቶ እስከ ታኅሣሥ 2014 ቆየ። በመሐሉ ሌላው አገር ሲፈተን የወልድያ ልጆች ሁለተኛ ዙር ጠበቁ። ያልተማሩባቸውን ወራት የሚጽፉበት ቦታ በመልስ ወረቀቱ ላይ አልነበረም። በ2014ቱ ፈተና በመላ አገሪቱ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገርም፣ ሚኒስቴር ይሁን ቢሮ፣ እዚህ ቁጥር ላይ የተደረሰበትን መንገድ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ እንዲሠራ የተጠራ አልነበረም። እነሱ ቢጠሩ ስንት ማርክ ያገኙ ነበር?

አንቀጽ 5፤ የተሻሩ ሕጎች። “እንደተማርከው ሥራ” የሚለው ልማድ፣ በአንቀጽ 4 የተጻፈውን ጨምሮ፣ ተሽሯል።

አንቀጽ 6፤ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ። ነጋሪት ጋዜጣ ስለማያትመው፣ ከሚቀጥለው እርማት ጀምሮ የጸና ይሆናል። አራሚ መምህራን፣ ያለ ፎርሙላ የመጣ ጫፍ ሲገጥማችሁ ከመሰረዛችሁ በፊት ሁለቱን ጫፎች ደምራችሁ ለሁለት አካፍሉ። አጋማሹ ከገጠመ ማርኩን ስጡት፤ ካልገጠመም ልጁን እንዴት እንዳሰበ ጠይቁት።