ስለ ቤት ብርጭቆ ቁጥር የወጣ የሌሞ አጣቢዎች አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የሰማችሁ ላልሰሙ አሰሙ! ከሆሳዕና መናኸሪያ እስከ አና ሌሞ ጓሮ፣ በአንጋጫ ዳገት፣ በሺንሺቾም ሆነ በዱራሜ የምትኖሩ፣ ቡፌ ያላችሁም ቡፌ የተመኛችሁም፣ ልብ ብላችሁ አድምጡ።

ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው ነጋሪት ጋዜጣ ስለ መሬት፣ ስለ ግብርና ስለ ቴምብር ሲያውጅ ኖሮ ቡፌ ጋ ሳይደርስ በመቆየቱ፤

በየሳሎኑ በግድግዳው ልክ የተሠራ ባለመስታወት ቡፌ ቆሞ፣ በውስጡ ሃያ አራት ብርጭቆ ተደርድሮ፣ የቤቱ ልጆች ግን ጆሮው በተሰበረ የፕላስቲክ ኩባያ ውሃ ሲጠጡ በመታየታቸው፤

ሳውዝ (ደቡብ አፍሪካ) የሄደው ልጅ በላከው ብር ለተሠራ ቤት ከጣሪያ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ብርጭቆ ነው የሚል እምነት፣ ማን እንዳመጣው ሳይታወቅ፣ ከከተማ ተነስቶ ገጠር በመግባቱ፤

ብርጭቆ የሚገዛውና ብርጭቆ የሚያጥበው በአብዛኛው ቤት አንድ ሰው ባለመሆኑ (ይህ ሐረግ በረቂቁ ላይ አባወራዎችን አስቆጥቶ እንዲወጣ ተጠይቆ ነበር፤ አልወጣም)፤

እኛ የሌሞና የአካባቢዋ ብርጭቆ አጣቢዎች፣ ምራቶች፣ የቤት ልጆች፣ እንዲሁም «ለእረፍት ነይ» ተብለን መጥተን ሳፋ ፊት የተቀመጥን የአክስት ልጆች፣ እጃችንን አድርቀን የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 1። አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የብርጭቆ ቁጥር አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ባሎች «የነሱ ነገር» እያሉ ቢጠቅሱትም ያው ይጸናል።

አንቀጽ 2። ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

«ብርጭቆ» ማለት ውሃ፣ ሻይ ወይም ወተት የሚቀዳበት የመስታወት ዕቃ ነው። ማርማላታው ያለቀ ጠርሙስ ታጥቦ ክዳኑ ከጠፋ እንደ ብርጭቆ ይቆጠራል። ስኒ አይገባም። ስኒ የራሱ ረከቦት፣ የራሱ አቦል፣ ቶናና በረካ ያለው ራስ ገዝ በመሆኑ በውስጥ ጉዳዩ ጣልቃ አንገባም።

«የእንግዳ ብርጭቆ» ማለት ለእንግዳ ተብሎ የተገዛ፣ እንግዳው ሲመጣም «እሱን ተዉት፣ ይሰበራል» ተብሎ የማይወጣ ብርጭቆ ነው።

«ቁልፍ ያዥ» ማለት የቡፌውን ቁልፍ የት እንዳስቀመጠች ለማንም የማትናገር፣ አልፎ አልፎም ራሷ የምትረሳ ሰው ናት።

አንቀጽ 3። ቁጥሩ

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ አንድ የኢትዮጵያ ቤተሰብ በአማካይ 4.7 ሰው ሆኖ ተገኝቷል። አጣቢዎች ይህን ሲሰሙ ከሁሉ በፊት የተጠራጠሩት ያን ሰባት አሥረኛ ሰው ነው። ጠጥቶ ብርጭቆውን ሶፋ ሥር የሚተወው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ሆኖም እሱም ይጠማዋልና ሙሉ ብርጭቆ ተፈቅዶለት ቁጥሩ አምስት ሆኗል። ሳይጠሩ ለሚመጡ ሦስት ተጨምሯል፤ ደጅ የረገጠን ሰው ሳያስቀምጡ መሸኘት እዚህ አገር ነውር ስለሆነ ከዚህ ሦስት ላይ መቀነስ አይቻልም። አንድ ደግሞ ለመሰበር ተይዟል። ድምሩ ዘጠኝ ነው።

እንቅፋቱ ገበያው ነው። ብርጭቆ የሚሸጠው በግማሽ ደርዘንና በደርዘን ስለሆነ ዘጠኝ ብሎ ለጠየቀ ባለሱቁ የሚመልሰው በሐዘኔታ ነው። ስለዚህ አሥራ ሁለት መግዛት ተፈቅዷል። ትርፎቹን ሦስቱን መደበቅም መቆለፍም አያስፈልግም፤ የመስቀል በዓላችን ያሆዴ ሲያልፍ በራሳቸው ጊዜ ይቀነሳሉ። ከቡላና ከቅቤ የተሠራ አታካና የበላ እጅ ብርጭቆ ሲያነሳ የሚሆነውን፣ መስቀልን ሌሞ ውስጥ ያከበረ ሁሉ ያውቀዋል።

ከአሥራ ሦስተኛው ብርጭቆ ጀምሮ ያለው ሁሉ የሳፋ ዕዳ ነው። አንድ ብርጭቆ በሳሙና ታጥቦ ሁለቴ ሲለቀለቅ ግማሽ ሊትር ውሃ ከወሰደ፣ አርባ ብርጭቆ አንድ ባለ20 ሊትር ጀሪካን ይጨርሳል። ጀሪካኑን ደግሞ ቡፌው አይሸከመውም።

አንቀጽ 4። ስለ ፈላ ሻይና «አይሰበርም» ስለሚባለው

ማንኪያ ሳይከቱ በቀዝቃዛ ብርጭቆ የፈላ ሻይ መቅዳት ክልክል ነው። የውስጡ ገጽ ቀድሞ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ የውጭው እንደቀዘቀዘ ይቆያል፣ በመካከላቸው ያለው ጠብ በስንጥቅ ያልቃል። ግድግዳው ሲወፍር ጠቡም ይብሳል፤ «ወፍራም ነው፣ ጠንካራ ነው» እያሉ የገዙ ይህን ልብ ይበሉ።

ነጋዴ «ይህ አይሰበርም» ብሎ ቢምል መሐላው ለግማሹ ብቻ ይታመናል። እንደ ፈረንሳዩ ዱራሌክስ ያሉ ብርጭቆዎች ግለው ሳሉ በአየር በድንገት እንዲቀዘቅዙ ስለሚደረግ ገጻቸው ታምቆ ይጠነክራል፤ ወድቀውም ነጥረው ሊነሱ ይችላሉ። የተሰበሩ ዕለት ግን ለሁለት አይከፈሉም፤ እንደ በረዶ ጠጠር ወለሉን ያለብሱታል። ጠራጊዋ ማን እንደሆነች በመግቢያው ተመልክቷል።

አንቀጽ 5። ስለ ዊጆ፣ ስለ ቱታና ስለ እድር

ይህ ሕዝብ መተባበር አያውቅም የሚል ደፋር እስካሁን አላጋጠመንም። ያሆዴ ሲቃረብ ወንዶቹ ቱታ የሚባል ማኅበር ገብተው በሬ በጋራ ይገዛሉ። ሴቶቹ በዊጆ ቅቤ ያጠራቅማሉ፤ የአንዷ ላም ብቻዋን የማትሞላውን ዕቃ ተራ በተራ ይሞሉላታል። ለክፉ ቀን እድር አለ፤ ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱና ብርጭቆው ተቆጥሮ ተመዝግቦ፣ ከሥሩ ቀለም ተነክቶ ዕቃ ቤት ተቀምጧል። ለቀስተኛው ግቢውን ሲሞላ የሚያጠጣው የእድሩ ብርጭቆ ነው። ሠርግም ሲሆን ኪራይ ተከፍሎ ከዚያው ይወጣል። ታዲያ በየቤቱ የተቆለፈው ሃያ አራት ብርጭቆ የማንን ለቅሶ ነው የሚጠብቀው?

በሬና ቅቤ የጋራ በሆኑበት አገር ብርጭቆ ለብቻው የግል ኩራት ሆኖ ሊቀጥል ስለማይገባው፣ የብርጭቆ ዊጆ እንዲቋቋም ታዟል። አምስት ጎረቤታሞች ከአሥራ ሁለት በላይ ያላቸውን አውጥተው በአንድ ካርቶን ያኖራሉ፤ እንግዳ የበዛባት ትወስዳለች፣ አጥባ ትመልሳለች። ተራው የወንድ ቤት ሲሆን ወንዱ ያጥባል። «አላውቅበትም» የሚል መከላከያ ተቀባይነት የለውም፤ በሬ መግፈፍ የሚችል እጅ ብርጭቆ አያቅተውም።

አንቀጽ 6። ምሕረት

የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. ሲመሠረት ቢሮዎቹ በሆሳዕና፣ በወራቤ፣ በቡታጅራ፣ በወልቂጤ፣ በዱራሜና በሌሎችም ከተሞች እንደተከፋፈሉ ሁሉ፣ የእኛም ብርጭቆዎች በየጎረቤቱ ተከፋፍለው እንደሚገኙ ይታወቃል። ለልደት የተዋሰ፣ ለምርቃት የተዋሰ፣ ከሥሩ የእድር ቀለም እያለበት «ከድሮም የኛ ነው» የተባለ ሁሉ በሠላሳ ቀን ውስጥ ከተመለሰ አይጠየቅም። በሌሊት አጥር ላይ ማስቀመጥም እንደ መመለስ ይቆጠራል።

አንቀጽ 7። ስለ ሠርግ ስጦታ

አንድ ካርቶን ብርጭቆ ከሆሳዕና ሠርግ ተነስቶ፣ ጌጥ ወረቀቱ ብቻ እየተቀየረ ዶዮገና ወርዶ፣ ዱራሜ ሁለት ሙሽሮች ጋ አርፎ፣ አምባሪቾ ተራራ ሥር ከረመና ሳይከፈት ለመጀመሪያዋ ሙሽራ እህት ሠርግ ተሰጠ እንበል። እንዲህ ያለው ካርቶን ዕቃ መሆኑ ቀርቶ መንገደኛ ስለሆነ፣ በደረሰበት ቤት ተከፍቶ ጡረታ እንዲወጣ ተወስኗል። ለሙሽሮች ስጦታ ያሰበ ሰው ጀሪካን ይግዛ። ጀሪካን ተሰጥቶት ለሌላ ሠርግ ያሳለፈ ሙሽራ እስካሁን አልሰማንም።

አንቀጽ 8። ከሳውዝ ስለሚመጣ

ልጁ የመጣ ዕለት ቡፌው ይከፈታል፣ ባለእግሩ ብርጭቆ ሳይቀር ይወጣል። መከፈቱን አንቃወምም። ሰውየው ግን ከባንኮኒ ጀርባ ቆሞ ከፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ሲጎነጭ ነው የባጀው፤ ስለ ብርጭቆው እግር አስተያየት የለውም፤ እናቱን ማየት ነው የፈለገው። ስለሆነም ለሱ የተከፈተ ቡፌ እሱ ከሄደ በኋላ ተመልሶ መቆለፍ የለበትም። ከጎረቤት ቀበሌ በእግሯ የመጣች አክስት፣ ጫማዋ ጭቃ ቢሆንም፣ በዚያው ብርጭቆ ትጠጣለች።

አንቀጽ 9። ቅጣት

ለሻይ አንድ፣ ለውሃ ሌላ፣ ለለስላሳ ሦስተኛ ብርጭቆ የጠየቀ የቤት ሰው ሦስቱንም ያጥባል። ልጅን በፕላስቲክ ኩባያ እያጠጣ ቡፌ የቆለፈ፣ ለአንድ ሳምንት ራሱ በዚያ ኩባያ ሻይ ይጠጣ። ጆሮው መሰበሩን ያኔ ያየዋል።

አንቀጽ 10። የተሻሩ ልማዶች

«ለክፉ ቀን ይቀመጥ»፣ «ልጆቹ ሲያድጉ እናወጣዋለን» እና «እንትና ቤት ሠላሳ ስድስት አለ» የሚሉ አባባሎች ይህን አዋጅ በሚመለከት ተፈጻሚነት አይኖራቸውም።

አንቀጽ 11። አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ከመስከረም 17 በፊት ይህን አዋጅ የሚያከብር እንደማይኖር ስለተረዳን፣ ከመስከረም 18 ጀምሮ የጸና ይሆናል። ቅሬታ ያለው ሰው የጠጣበትን ብርጭቆ አጥቦ፣ ለቅልቆ፣ በጨርቅ አድርቆ ይዞ ከቀረበ ይሰማል።